«ሲመቻችሁ እዩልን»

ጨረቃ ላይ ባለው የመልእክት ክፍል የጠዋት ሥራ የሚጀመረው ጭንቀትን በእንግሊዝኛ በመመደብ ነው። ምድር ያለው ዋና መሥሪያ ቤት ከእንግሊዝኛ ሌላ አያነብም፤ ሲያነብም የሚያየው አንዷን ቃል ብቻ ነው። «ኮንሰርንድ» ካሉት፣ ማለትም አሳስቦናል ካሉት፣ ፋይል ይከፍታል። «ዎሪድ» ካሉት፣ ተጨንቀናል ማለት ነውና፣ በሳምንቱ ይደውላል። «አላርምድ» ሲሉት ግን፣ ደንግጠናል ነው፣ እዚያው ጨረቃ ላይ የቆመው የነፍስ አድን መንኮራኩር ወዲያውኑ ይነሳል። ቃሉን የሚመርጠው «ቃለ መራጭ» የተባለ ማሽን ሲሆን፣ እሱ የመረጠውን አርማ የምትፈርመው ውድነሽ ናት። አሥራ አንድ ዓመት ፈርማለች።

የዚያን ቀን ጠዋት ከደቡብ ጉድጓድ የጋሽ እሸቴ ድምፅ መጣ። የበረዶ ቆፋሪዎቹ አለቃ ናቸው፤ እታች ራሳቸውን ጨምሮ ሰባት ሰው አለ።

«እንደምን አደራችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ውድዬ፣ ልጆቹ ደህና ናቸው? ብቻ አየሩ ትንሽ ከበድ ብሎናል። ለማስቸገር አይደለም፤ ሲመቻችሁ እዩልን።»

ቃለ መራጩ ቀይ መብራት አበራና «አላርምድ» ብሎ ጻፈ።

«ደግሞ ጀመረው! ይሄ ማሽን ተበላሽቷል» አለ አለቃዋ ጌጤነህ። «ሰውየው በገዛ አፋቸው ደህና ነን እያሉ! በይ ‹ኮንሰርንድ› አድርጊው።»

«አየሩ ከበደን ብለዋል እኮ።»

«ትንሽ ነው ያሉት። እንዲያውም ‹ስላይትሊ ኮንሰርንድ› ብንለው ይለዝባል። ወይስ ‹ሳምዋት›፣ በመጠኑ እንደማለት፣ ይሻላል? አዎ፣ ‹ሳምዋት› የጨዋ ነው።»

ቃሏን እንደ ከረሜላ በአፉ አገላበጣት። ሰባት ሰው ትንፋሽ እያጠረው እሱ ቃል ያማርጣል! ኤዲያ! ውድነሽ ተጸየፈችው። ደግሞ እኮ ያገር ልጅ ነው፤ ያገሩ ሰው ቤቱ እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ የጎረቤቱን ጤና እንደሚጠይቅ አሳምሮ ያውቃል። ማወቅማ ያውቃል፤ ዋናው መሥሪያ ቤት እንዳይቆጣው ፈርቶ ነው እንጂ።

ማሽኑ እውነት ተበላሽቶ እንደሆነ ለማየት የምክንያት መዝገቡን ከፈተች።

«ከዚህ ጉድጓድ ‹ለማስቸገር አይደለም› የሚል መልእክት ከዚህ በፊት አራት ጊዜ መጥቷል። አራቱንም ጊዜ ‹አላርምድ› ብያለሁ። አራቱንም ጊዜ ወደ ‹ኮንሰርንድ› ዝቅ ተደርጓል። አራቱንም ጊዜ ሰው ሞቷል። አራሚ፦ ውድነሽ።»

አራቱንም አስታወሰች። ያኔ ጌጤነህ ገና አልተሾመም ነበር። ማንም ሳያዛት፣ ደብዳቤው እንዲያምር ብላ፣ በገዛ እጇ ነው ያለዘበችው። ጌጤነህን እንደተጸየፈች አሁን ራሷን ተጸየፈች።

«ምን ትጎለቺያለሽ? ቀይሪና ፈርሚ!»

«አልቀይርም።»

«እንጀራሽን እንዳትዘጊ!»

«ይዘጋ! በሰው ትንፋሽ የሚበላ እንጀራ ባፍንጫዬ ይውጣ!»

«አላርምድ» የሚለውን እንዳለ ትታ አውራ ጣቷን መፈረሚያው ላይ አሳረፈችና ላከችው። ከዋናው መሥሪያ ቤት አውቶማቲክ መቀበያ መልሱ ወዲያው መጣ፦ «ፊርማው ተቀባይነት የለውም። ባለፉት አራት አደጋዎች አራሚዋ ታማኝ ሆና አልተገኘችም። ማሽኑ ብቻውን ያረጋግጥ።»

ውድነሽ እጇን አነሳች። ማሽኑ ፈረመ፤ መንኮራኩሩም ተነሳ።

ሰባቱም በሕይወት ወጡ። በማግስቱ ጋሽ እሸቴ ፊታቸው እንደገረጣ፣ በሁለት ሰው ተደግፈው ወደ መልእክት ክፍሉ መጡ። የደረሰላቸውን ሰው ካልመረቅሁ ብለው ነው።

«የታለ? የቱ ነው የደረሰልን?» አሉ።

ውድነሽ ማሽኑን አሳየቻቸው። ጌጤነህ አቀርቅሮ ወረቀት ያገላብጣል። ሽማግሌው ለምርቃት የዘረጉትን እጅ የት እንደሚያደርጉት ጠፋቸው።

«ምነው፣ ሰው አልነበረም እንዴ?»

«ነበርን ጋሼ» አለች። «ሁለት ነበርን።»