ሥርዓት ያለው ዓሣ

«የንጋት ዓሣ ሥርዓት ያለው ዓሣ ነው!» አሉ መምህር እንዳለው፣ ወረቀቷን ለክፍሉ ከፍ አድርገው። «ሰኞ ስልሳ፣ ማክሰኞ ሰባ፣ ረቡዕ ሰማንያ፣ ሐሙስ ዘጠና። ውኃው በሞቀ ቁጥር ትንፋሹ በአሥር በአሥር ይጨምራል። ይሄ ለወረዳው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ ይሄዳል።»

ንጋት አንገቷን ደፋች። ዓሣው የሞተው ሰኞ ነው። ቁጥሩ ግን እስከ ሐሙስ ቀጥሏል።

ለእያንዳንዱ ተማሪ አንዳንድ የወንዝ ዓሣ፣ አፉ በተቆረጠ ሃይላንድ ተሰጥቶት ነበር። ሥራው ውኃውን በየቀኑ ጥቂት ለብ እያደረጉ፣ የሚተነፍስበት ስንጥቡ በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚከፈት መቁጠር ነው። ንጋት ሰኞ ጠዋት ስልሳ ቆጠረች። ከዚያ ሃይላንዱን ፀሐይ ላይ ትታ ሹሩባ ልትሠራ ጓደኛዋ ሰብሌ ቤት ሄደች። ስትመለስ ዓሣው በጀርባው ተንሳፍፏል። የቀረውን የሠራው እስክሪብቶዋ ነው።

«ቲቸር፣ ባለፈው ባሕሩ እየሞቀ ሻርኩ ተቸገረ ብለውናል፤ እኛ ላስታ ተቀምጠን የባሕር ሻርክ ቢሞቀው ምን አገባን?» አለ ወንዴ ከኋላ።

«ውኃ ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳል፤ የዓሣው ሰውነት ደግሞ የባሰ ይፈልጋል። በሞቃት ባሕር ኮራል መካከል የሚኖሩ ዓሦች አሁንም የሚችሉት ሙቀት ጫፍ ላይ ናቸው። አንዳንድ ሻርኮችም ገና እንቁላል ውስጥ ሳሉ ሲሞቃቸው ስንቃቸውን ቶሎ ይጨርሱና ያለጊዜያቸው ይፈለፈላሉ፤ ትንንሽ፣ ሲወለዱ የደከሙ። ይሄን ያወቅነው ቁጭ ብሎ የሚቆጥር ሰው ስላለ ነው። እንደ ንጋት።»

የንጋት ጆሮ ጋለ።

«የደሳለ ዓሣ ግን ጠጥቶ ነው የመጣው» ቀጠሉ መምህሩ። «ስልሳ ሁለት፣ ሰማንያ አምስት፣ ሰባ አንድ፣ ዘጠና ስድስት!»

ክፍሉ ሳቀ። ደሳለም አብሮ ሳቀ። አራት ቀን ሙሉ ኳስ ትቶ ሃይላንዱ ላይ አፍጥጦ የከረመው እሱ ነው፤ ንጋት በአጥር አሻግራ አይታዋለች።

ደሳለ አጠገቧ እንደተቀመጠ ላጲሱን አወጣ። «ሳልሳሳት አልቀረሁም» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ማክሰኞ ስንት ነበር ያልሽው?»

ሰባ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ደብተሩ ላይ መዳፏን አሳረፈች።

«አታጥፋው።»

«ለምን?»

ተነሥታ ወደ ፊት ወጣች። መምህሩ ወረቀቷን ግድግዳ ላይ ሊለጥፉ ፕላስተር እየቆረጡ ነበር።

«ቲቸር፣ አንዴ ይስጡኝ።»

«ምን ልትጨምሪበት ነው?»

ወረቀቱን ተቀብላ ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ያለውን ሰረዘች። ከስልሳው ጎን «ስድስት ሰዓት ላይ ሞተ» ብላ ጻፈችና ወረቀቱን መልሳ ዘረጋችላቸው።