እርጥብ ሐር

«በትል ትራውት ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አጎቱን ከመግደል አይመለስም» አለች ሌዲ ኦነር።

«አክስቴ፣ በሰው ሠራሽ ዝንብ ፈንታ በትል ያጠመድኩት አንድ ቀን ነው። ለሱም አጎቴ በእንግዶቹ ፊት አዋርዶ ከወንዙ አባሮኛል። ስንት ጊዜ ልቀጣ?»

«ስላባረረህ ነዋ የገደልከው።»

«አስከሬኑን አገኘሁ እንጂ አልገደልኩም!»

ሰር ሄክተር ብራምሊ በሁለቱ መካከል ሣሩ ላይ ተጋድሟል፤ ፊቱ በአሮጌ ኮት ተሸፍኗል። የወንድሙ ልጅ ጁሊያን ያገኘው አራት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከእንጨቱ ድልድይ ሥር፣ ጉልበት በማያልፍ ውሃ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ከማጅራቱ በላይ የወንዝ ድንጋይ የሠራው የማይመስል ቀጥ ያለ ሰምበር አለ።

ከዊንቸስተር የተጠራው ኢንስፔክተር ቶምስ ጭቅጭቁን እስከ መጨረሻው አዳመጠ። በሕይወቱ አንድ ዓሣ አጥምዶ አያውቅም፤ የማያውቀውን መጠየቅ ደግሞ አያሳፍረውም።

ኮቱ የኤሞስ ፐርኪስ ነበር። ይህን ወንዝ አርባ ዓመት የጠበቀ ሰው ነው፤ አሁን በሸሚዙ ብቻ ከአስከሬኑ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«ዛሬ የት ዋሉ፣ ሚስተር ፐርኪስ?»

«ሚስተር ጁሊያን ሲጮሁ ሮጬ መጣሁ እንጂ ከንጋት ጀምሮ ከቤት አልወጣሁም ጌታዬ። ኤዲትን ሳገላብጥ፣ ሳበላ ነው ያረፈድኩት።»

ኤዲት ሚስቱ ናት። ወንዙን በሚያየው መስኮት ሥር ከተኛች ስምንት ወሯ ነው። ሐኪሙ ከአልጋዋ አንስተው ከወሰዷት መንገዱን ሳትጨርስ ትሞታለች ብሏል። ሰር ሄክተር ደግሞ ሰኞ ዕለት፣ የወንዙ አረም ሳይታጨድ ቀረ ብሎ፣ እስከ ቅዳሜ ቤቱን ልቀቁ ብሏቸዋል። ዛሬ ሐሙስ ነው። ይህን ሁሉ የተናገረው ራሱ ኤሞስ ነው።

«በጣም ተናደው ነበር?»

«ለመናደድም ጉልበት ያስፈልጋል። ለመንኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ቅዳሜ አሉ።»

ኢንስፔክተሩ በወንዙ ዳር ወዳለችው የአጥማጆች ጎጆ ገባ። የሰር ሄክተር የማጥመጃ ዘንግ ጥግ ላይ ቆሟል፤ የገመዱ ማጠንጠኛ ግን ባዶ ነው። ከመስኮቱ አጠገብ ባለ የእንጨት መዘውር ላይ ቢጫ የሐር ገመድ ተጠምጥሟል፤ አንዱ ዙር ሌላውን ሳይነካ፣ በሚያስገርም ጥንቃቄ። ጣቱን ሰደድ አደረገ። ከላይ ሊደርቅ ምንም አልቀረውም፤ ከውስጥ ግን ይቀዘቅዛል።

ጁሊያንን ጠራው። «ይሄ ለምን እዚህ ተጠመጠመ?»

«እኔ እንጃ። እንዲያምር ይሆናል።»

«ያንተስ ዘንግ የት አለ?»

ጁሊያን ከግድግዳው ላይ አውርዶ ሰጠው። ኢንስፔክተሩ ገመዱን ሳብ ቢያደርገው እንደ አሮጌ ፈትል ተበጠሰ።

«የዘንድሮ ሐር እኮ ነው» አለ ጁሊያን እየቀላ። «ሻጩ አታሎኛል።»

ሌዲ ኦነርን ያነጋገራት ደጅ ነው። ወደ ወንዙ ስትወርድ ከስድስት ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዋ መሆኑን ነገረችው።

«ባለቤትዎ ካጠመዱ በኋላ ዕቃቸውን ራሳቸው ያነሱ ነበር?»

«ሄክተር? ቦት ጫማውን እንኳን ራሱ አውልቆ አያውቅም።»

በመጨረሻ የተበጠሰውን ክር ይዞ ወደ ኤሞስ ተመለሰ። «ሐር ምን ያበሰብሰዋል?»

«እርጥቡን መተው ነዋ ጌታዬ። ባጠመዱ ቁጥር ፈትቶ ማድረቅ ነው። ይሄን ልጅ እንኳን ያውቀዋል።» ክሩን አየና ወደ ጁሊያን ዞረ። «ሁሉም ልጅ ባይሆን።»

«ዛሬ ጎጆዋ ገብተዋል?»

«አልገባሁም።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሦስቱም ጎጆዋ ውስጥ ተሰበሰቡ። ከኢንስፔክተሩ ጋር የመጣው ሳጅን በሩን ይዞ ቆመ።

«ሰር ሄክተር ዛሬ ጠዋት አጥምደዋል» አለ ኢንስፔክተሩ፤ «ገመዳቸው ከውስጡ ገና አልደረቀም። አንሸራቷቸው ወድቀው ቢሆን ዘንጉ አብሯቸው ውሃው ውስጥ ይገኝ ነበር። ግን አንድ ሰው እዚህ አምጥቶታል። ገዳዩ እዚያው ውሃው ውስጥ ቢጥለው ኖሮ፣ ሰምበሩን የድልድዩ እንጨት ነው የሠራው፣ ድንገተኛ አደጋ ነው ብለን በቀበርናቸው። እሱ ግን ዘንጉን ጥግ አስደገፈ፤ ገመዱን ፈትቶ ለማድረቅ ጠመጠመ። ሰር ሄክተር ይህን ሠርተው አያውቁም። ሌዲ ኦነር ከነመኖሩም አያውቁትም። ሚስተር ጁሊያን ደግሞ የራሱን ሐር አበስብሶ ሻጩን ይሰድባል።»

«ታዲያ ሻጩ አላታለለኝም?» አለ ጁሊያን። ኢንስፔክተሩ ቀጠለ።

«ሰር ሄክተር አጥምደው ሲጨርሱ ዘንጉን ለጠባቂያቸው ሰጥተው በሰላም ሄደዋል እንዳልል፣ ሚስተር ፐርኪስ ከቤት አልወጣሁም፣ ጎጆዋም አልገባሁም ብለዋል።»

ኤሞስ መዘውሩን አየው፤ ገና አሁን ያየው ይመስል ነበር።

«አረሙን ልጀምር ነበር የወረድኩት» አለ። «ሥራውን ካዩልኝ ይራሩ ይሆናል ብዬ። ደግሜ ለመንኳቸው። ቅዳሜ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። የማጭዱ እጀታ በእጄ ነበር።»

«ገመዱንስ ለምን?»

«ዘንጉ ሣሩ ላይ ወድቆ ነበር። ሐሩ እርጥብ ነበር ጌታዬ።»

ከዚህ በላይ የሚያስረዳው ነገር ያለ አልመሰለውም። ወደ ሌዲ ኦነር ዞረ። «እመቤቴ፣ ኤዲትስ?»

«ሄክተር ቅዳሜ ብሏል» አለች።

«ቤቱ አሁን የኔ ነው» አለ ጁሊያን። «ሴትዮዋ ትቆይ።»

«ወንዙ ያንተ ይሁን። ቤቶቹን ለኔ ነው የተወልኝ።»

«ማን አለ?»

«ኑዛዜው ሲነበብ ትሰማዋለህ።»

«እስኪነበብስ ማን ያበላታል? እርስዎ?»

«አንተ ታበላታለህ? በትል?»

ኢንስፔክተሩ ሊያበርዳቸው እጁን ዘረጋ። ሁለቱም ባንድ ላይ ወደሱ ዞረው ዳኘን ይሉት ጀመር።

ሳጅኑ የኤሞስን ክንድ ያዘ። ኤሞስ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ ቆም አለ፤ እርጥቡ ፀሐይ እንዲያገኝ መዘውሩን ግማሽ ዙር አዞረው፣ እጁንም በሱሪው ጠረገ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ በዝቅተኛው በር ወጣ። ውስጥ ያሉት ገና ስለ ቅዳሜ ይጨቃጨቁ ነበር።