ቱልባሩ ካልተመለሰ ሰው ውስጥ አለ

ይህ በእኔ ላይ የደረሰ ነው። ማመን የማይፈልግ አይመን፤ እኔም ባላምነው ደስ ይለኝ ነበር።

ዓርብ ነበር። ከሰዓት በኋላ፣ አሥር ሰዓት ተኩል ገደማ። ጨለማ እንዳይመስላችሁ... ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ጠረጴዛዬ ላይ ተዘርግታለች።

የምሠራው ሥጋና ዓሣ የሚከማችበት ማቀዝቀዣ መጋዘን ነው። ቢሮዬ ከትልቁ የበረዶ ክፍል በር ፊት ለፊት ነው። የበሩ የውስጥ እጀታ አንዳንዴ በብርድ ይደርቃል። ያኔ ውስጥ ያለ ሰው ከውጭ ካልተከፈተለት መውጫ የለውም።

ለዚህ ብዬ ኤክሴል ላይ ማክሮ ጻፍኩ፤ ኮምፒውተሩ በራሱ የሚፈጽመው ትእዛዝ ማለት ነው። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው በሩ አጠገብ ያለው ማንበቢያ ላይ ካርዱን ያስነካል። ወዲያው በፋይሌ አናት ላይ ያለው የቁልፎች ረድፍ፣ ቱልባሩ፣ ይጠፋል። ማንም ፋይሉን መነካካትም መዝጋትም አይችልም። ሰውየው ወጥቶ ካርዱን ሲያስነካ ቱልባሩ ይመለሳል።

ሕጋችን አጭር ናት። ቱልባሩ ካልተመለሰ ሰው ውስጥ አለ፤ በሩ አይቆለፍም።

አዘውትረው የሚገቡት ጋሽ በረዶ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ጫኞቹ ናቸው። እኔን ሳይተርቡ አያልፉም።

"በረዶ ውስጥ የምውለው እኔ፣ የምትቀዘቅዢው አንቺ! ኧረ ተጫወቺ ልጄ!"

አንገቴን ደፍቼ ፈገግ እላለሁ።

ያን ዕለትም ተርበውኝ፣ ካርዳቸውን አስነክተው ገቡ። ቱልባሩ ጠፋ።

ጥቂት ቆይቶ በሩ ተከፍቶ ሲዘጋ ሰማሁ። ያው ካፖርት... ያው ወፍራም ጓንት። መጥተው ከኋላዬ ቆሙ።

አልተረቡኝም።

"ጨረሱ ጋሼ?"

"ጨረስኩ።"

ስክሪኑን አየሁ። ቱልባሩ የለም።

"ካርድዎን አላስነኩም መሰለኝ..."

"ጠፋብኝ።"

"ውስጥ ነው የጠፋው?"

"መልሺው።"

"ምኑን?"

"ከላይ ያለውን። በግድ መልሺው። ቆልፈን እንሂድ።"

በእርግጥ ለክፉ ቀን ብዬ ቱልባሩን በግድ የሚመልስ ሌላ ማክሮ ጽፌ ነበር። ሁለት ቁልፍ አንድ ላይ መጫን ብቻ ነው።

ግን ለማንም አልነገርኩም...

እጄ ወደ ኪቦርዱ ሄደ። ታላቅ ሰው ሲያዘኝ እምቢ ብዬ አላውቅም። ደግሞ ካርድ መቼም ይጠፋል። ሁለት ቀን እረፍት ከፊቱ ያለው ሰውም ይቸኩላል። ለራሴ እንዲህ አልኩት።

ዓይኔ ወደ ወለሉ ወረደ።

ጋሽ በረዶ ሲወጡ ጢማቸው የያዘው በረዶ እየቀለጠ ይንጠባጠባል። ለዚያ ብዬ ከወንበሬ ኋላ ጨርቅ አንጥፌያለሁ። አሁን ጨርቁ ላይ ቆመዋል።

ጨርቁ ደረቅ ነው።

ፀሐይዋ ጫማቸው ላይ አርፋለች። ጫማው ላይ ያለው በረዶ ግን አልቀለጠም... ጭራሽ አያብለጨልጭም።

"መልሺው" አለኝ፣ ጆሮዬ ሥር። ትንፋሽ አልነበረውም። ብርድ ብቻ።

ዱም።

ከበሩ ወዲያ።

ዱም... ዱም።

"ልጄ! እጀታው ደረቀብኝ... ክፈቺልኝ!"

"አትስሚ" አለ ከኋላዬ ያለው።

ሁለቱም የጋሽ በረዶ ድምፅ ነው። ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ናቸው። ብጫናቸው ቱልባሩ ይመለሳል፤ በሩም ተቆልፎ እስከ ሰኞ የሚከፍተው የለም።

ከወፍራሙ በር ጀርባ ድምፁ እየደከመ መጣ።

"ኧረ ተጫወቺ ልጄ... በረዶ ውስጥ ያለሁት እኔ... የደነዘዝሽው አንቺ..."

ወንበሬን ገፍቼ ተነሣሁ። ወደ ኋላ ሳልዞር ሮጥኩ። እጀታውን በሁለት እጄ ሳብኩት።

ጋሽ በረዶ በጉልበታቸው ወደቁ። ከንፈራቸው ጠቁሯል። ጢማቸው ወለሉ ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ያንን ጠብታ ሳይ ዕንባዬ መጣ።

ካርዳቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እየተንቀጠቀጡ አስነኩት።

ዞር አልኩ። ቢሮው ውስጥ ማንም የለም። ቱልባሩ ተመልሷል።

"ስጮህ... ከማን ጋር ነበርሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

"ከእርስዎ ጋር።"

ቀልድ መስሏቸው ሳቄን ጠበቁ። አልሳቅሁም። እሳቸውም መተረቡን ተዉት።

ደግፌያቸው ወደ ስክሪኑ ዞርን። ሁለታችንም ውጭ ነን። ካርዱ በእጃቸው ነው። የበረዶ ክፍሉ በር ከኋላችን ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው።

ማንበቢያው ካርድ እንደተነካበት ጢጥ አለ።

ቱልባሩ ጠፋ።

ከዚያ በሩ... ማንም ሳይነካው... ከውስጥ ቀስ ብሎ ተዘጋ።