ካራቫኗ ጅራቷን እንዳትቆላ

«ሳበው እንጂ! ምን ቆመህ ትሰብካለህ?»

ቃሪያ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ በጥርሷ ነክሳ ስለነበር ግማሹ ቃል አፏ ውስጥ ቀረ። ፒክአፑ ሥር በጀርባዋ ተንጋላለች። በአንድ እጇ ካቻቢቴ፣ በሌላው አውራ ጣቷን የሚያህል ቀይ ኬብል ጨብጣለች። ከመኪናው ኋላ በኩል የሚታያት የቱርቦ ጫማ ብቻ ነው።

«እየሳብኩ ነው ቺፍ! ኬብልሽ ነው እንደ በቅሎ እግሩን የተከለው!»

«በቅሎም ሲያባብሏት ትሄዳለች። ቀስ በል።»

ኬብሉ ከተያዘበት ተላቀቀና ሾልኮ ሄደ። ቃሪያ ናስትሮውን ከአፏ አውጥታ ሳቀች።

ቃሪያ የመዝገብ ስሟ አይደለም። ትንሽ ሆና ስለምታቃጥል አጎቷ ያወጣላት ነው። ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር የመኪና ኤሌክትሪሻን በሆነው አጎቷ ጋራዥ ቱታ ለብሳ ትውላለች። «እችላለሁ» ካለች ትችላለች፤ የማትችለውን ደግሞ «አሳየኝ» ትላለች። አጎቷም የሚወድላት ይህንኑ ነው። የክፍሏ ልጅ ቱርቦ ግን ለጋራዡ ገና አዲስ ነው። ቱርቦ የተባለው አፉ ከሐሳቡ ቀድሞ ስለሚነሳ ነው።

የዛሬው ሥራ ከሌላው ቀን ይለያል፤ መኪናው የእናቷ ነው። እናቷ የዓይን ባለሙያ ናት። ሰሌዳው ስለማይታያቸው ብቻ «ሰነፍ» የሚባሉ ልጆች በየገጠሩ ትምህርት ቤት ሞልተዋል። እነሱን ፍለጋ ነገ ጠዋት ትነሣለች። ከፒክአፑ ኋላ የምትጎተተው ነጭ ካራቫን ውስጧ የመመርመሪያ ክፍል ሆኗል፤ ወንበር አለ፣ ግድግዳው ላይ ከትልቅ ወደ ትንሽ የሚወርዱ ፊደላት ተለጥፈዋል፣ የመነጽር መስታወቶቹም በየሳጥናቸው ተደርድረዋል።

ችግሩ ካራቫን ጠባይ የሌላት መሆኗ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍጥነት ሲጨምር፣ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና በጎን ሲያልፍና ነፋሱ ሲመታት ጅራቷን መቁላት ትጀምራለች። ቶሎ ካልተያዘች የሚጎትታትን መኪና ይዛ ገደል ትገባለች። ስለዚህ ሆዷ ሥር አንድ ብልህ ሳጥን ተገጥሞላታል። ሳጥኑ መወዛወዟን ከሾፌሩ ቀድሞ ያውቅና የራሷን ፍሬን ጨምቆ ያረጋጋታል። ግን እሱም እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ካልበላ አይሠራም። ምግቡ ደግሞ ከፒክአፑ ባትሪ ተነሥቶ በመኪናው ሆድ ሥር እስከ ኋላው ሶኬት በሚዘልቀው በዚህ ቀይ ኬብል ነው የሚሄድለት።

«ሥራው ያንቺ ነው» ብሏት ነበር አጎቷ፣ መንገድ ላይ የቆመ አውቶቡስ ሊያስነሣ ሲወጣ። ወደ ቱርቦ ዞሮ ደግሞ፣ «አንተም እጅህን አሳየኝ። ካማረልኝ ዕረፍቱን በሙሉ እዚህ ትቆያለህ» አለው። ቱርቦ ያን ጊዜ እንኳን አፉ፣ ጆሮውም የሳቀ ይመስል ነበር።

ሥራውን ተካፈሉት። ቃሪያ ከባትሪው ጀምራ ፊውዙን አስራ፣ ኬብሉን በሻሲው ጎን ይዛ እስከ መኪናው ወገብ አደረሰችው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ከነዳጁ ታንክ፣ ከሰልባትዮው በላይ አልፎ እስከ ሶኬቱ፣ የቱርቦ ድርሻ ሆነ። እሷ እጇን ታጥባ ከእናቷ ጋር የመስታወት ሳጥን ስታመላልስ ዋለች። ስትመለስ ቱርቦ ቱታውን እያራገፈ ቆሟል።

«አለቀ?»

«አልቆ አድሯል!»

«ሥራ አሸክመህ ለካኸው? እንዲሁ ሳይሆን፣ አምፖል አብርተህበት?»

«ለካሁት አልኩሽ! ዐሥራ ሁለት ነጥብ አምስት ቮልት። ምነው ቺፍ፣ ፖሊስ ሆንሽብኝ?»

ቃሪያ ሳቀች። የካራቫኗን ሶኬት ከፒክአፑ ጋር ሰካች። ከካራቫኗ ሆድ ግርርር የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ሳጥኑ ራሱን እየፈተሸ ነው። ከዚያም ካራቫኗ ከምትታሰርበት ጋንቾ አጠገብ ያለችው ትንሿ መብራት አረንጓዴ ሆነች። ቱርቦ በአንድ እግሩ እየዘለለ ጨፈረ። እናቷ አጨበጨበች። «በሉ እንግዲህ፣ ነገ እንዳታሳፍሩኝ» አለች።

በማግሥቱ ጠዋት ጋራዡ ግቢ ውስጥ ሁሉም ዝግጁ ነበር። እናቷና አብራት የምትሄደው ነርስ የመጨረሻውን ሻንጣ እየጫኑ ነው። ቱርቦም ሊሸኝ መጥቷል። ቃሪያ የፒክአፑን መስታወት ልትወለውል ጨርቅ ፈልጋ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር እጇን ሰደደች። እጇ የነካው ግን ጨርቅ አልነበረም።

የቀዩ ኬብል ቁራጭ ነው። ከክንዷ ይረዝማል። ጫፉ ላይ የመዳብ ጭንቅላት ተጨምቆበታል። የጨመቀችው ራሷ ናት፤ አጨማመቋን ታውቀዋለች። ሶኬቱ ውስጥ መግባት የነበረበት ጫፍ ነበር።

ይህ እዚህ ካለ፣ መኪናው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

መኪና ሥር ስትሠራ የምትተኛበትን ካርቶን ጎትታ ከፒክአፑ ኋላ ሥር ገባች፤ የእጅ ባትሪዋን አበራች። ቀዩ ኬብል ሰልባትዮው ጋ እስኪደርስ በኩራት ይሄድና እዚያ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ በናስትሮ ተጠቅልሎ የቀጠለው የኋላ መብራት የሚታሰርበት ዓይነት፣ እንደ ስፓጌቲ የቀጠነ ሽቦ ነው።

ወጥታ ሁለት የፊት መብራት አምፖሎች ከሶኬቱ ጋር አያያዘችና የቮልት መለኪያውን ቴስተር ደገነች። አምፖሎቹ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው ዓይን ቦዘዙ። ቁጥሩ ከዐሥራ ሁለት ወደ ዐሥራ አንድ፣ ከዐሥራ አንድ ወደ ዘጠኝ ወረደ። ሽቦውን በጣቷ ነካች። ሞቋል።

«ቱርቦ። ና እስቲ።»

ቱርቦ መጣ። ቴስተሩን አየ፤ አምፖሎቹን አየ፤ ከዚያ በብብቷ የያዘችውን ቁራጭ አየ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሐሳቡ ከአፉ ቀደመ።

«አረንጓዴ በርቶ የለ?» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ዝም ብሎ ሲቆም ይበራል። ሥራ ሲመጣ ነው የሚሞተው። ሳጥኑ ፍሬን ሊጨምቅ ሲል ጉልበት ያጣል። ደግሞ ፊውዙን ለወፍራሙ ነው የመረጥኩት፤ ቀጭኑ ከፊውዙ ቀድሞ ይቀልጣል። የት ጋ እንደሚቀልጥ ታውቃለህ?»

ቱርቦ ነዳጅ ወደያዘው ሰልባትዮ ዞር ብሎ አላየም። «አልለካሁትም» አለ። «ቺፍ፣ በናትሽ... ለጋሼ እንዳትነግሪ። አንድ ሳምንት ሳልሞላ ያባርረኛል።»

«ኧረ በሉ ልጆች፣ ረፈደ!» እናቷ መኪናው ውስጥ ገብታ ቁልፉን ሰክታለች። «ተማሪዎቹ ከዕረፍታቸው ተጠርተው፣ ተሰልፈው ነው የሚጠብቁኝ!»

ቃሪያ በእናቷና በቱርቦ መካከል ቆመች። ዝም ብትል እናቷ ምናልባት በሰላም ትደርስ ይሆናል፤ ብዙ ሰው ያለዚያ ሳጥን ይጎትታል። «ምናልባት» የሚለውን ቃል ግን አጎቷ ጋራዥ ውስጥ አያስገባውም። እሷም የዚያን መንገድ ቁልቁለት ታውቀዋለች። ወደ ሾፌሩ መስኮት ሄደች፤ እጇን አሻግራ ቁልፉን ነቀለችው።

«እማ፣ ገና አትሄዱም።»

«ምን?»

«መስመሩ ከኋላ ቀጥኗል። ወፍራሙን እንደገና መሳብ አለብን።»

«ትናንት አልቋል ብላችሁ አጨበጨብኩላችሁ እኮ!»

«አለቀ ያልኩሽ ሳላየው ነው።»

እናቷ በሽተኛ እንደምትመረምር ዓይን ዓይኗን አየቻት። «ማነው የሠራው?»

ከኋላ የቱርቦ ጫማ ጠጠሩን ሲያሽ ተሰማ። ቃሪያ ዞር አላለችም።

«ሥራው የተሰጠው ለእኔ ነው። ማየት የነበረብኝም እኔ ነኝ» አለች። ሐሰት አልነበረበትም፤ እውነቱ ሁሉ ግን አልነበረም። «እንደ ሰው ከሠራነው ከምሳ በፊት ትወጫላችሁ።»

እናቷ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ቀበቶዋን ፈታች። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። በሉ ሥሩ፤ እኔ ለርእሰ መምህሩ ልደውል።»

ሁለቱ ጎን ለጎን ፒክአፑ ሥር ተኙ። ቃሪያ ከጥቅሉ ላይ አዲስ ኬብል ለክታ ቆርጣለች። ቱርቦ ናስትሮውን ሲፈታ መዳፉ ላይ የተላጠ ቁስል አየች።

«ለምን አልጠራኸኝም?»

«ከሰልባትዮው በላይ ያለችው ቀዳዳ አላሳልፍ አለችኝ። ጎተትኩ፣ ገፋሁ፣ እጄ ተላጠ። አንቺ ደግሞ የራስሽን ከጨረስሽ ቆይተሻል።» የተፈታውን ናስትሮ ጠቅልሎ ወደ ጎን ጣለው። «ብጠራሽ ትስቂብኝ ነበር።»

ቃሪያ እውነቱን እንደሆነ ታውቃለች። ትስቅበት ነበር። ቺፍ ነኝ ብላ ለሳምንት ልትተርበው ትችል ነበር። ቀዳዳዋን በባትሪዋ አየቻት፤ ከዚያ በኬብሉ ጫፍ ላይ ያለውን የመዳብ ጭንቅላት አሰበች።

«ቱርቦ፣ ጭንቅላቱን ቀድሜ ያሰርኩት እኔ ነኝ። ለዚህች ቀዳዳ ጭንቅላቱ ይሰፋባታል። መጀመሪያ ማሳለፍ፣ ከዚያ ማሰር ነበረብኝ።»

«እና እኔ በቅሎ የምትመስል ኬብል ሳባብል የዋልኩት በአንቺ ጥፋት ነው?»

«በእኔ ጥፋት። ቀጭኑ ሽቦ ግን ያንተ ነው።»

«የእኔ ነው» አለ ቱርቦ፣ ሳይቀልድ።

አዲሱ ኬብል ያለ ጭንቅላቱ በቀዳዳዋ ቅቤ እንደተቀባ አለፈ። ቱርቦ ራሱ ጎተተው፣ ራሱ ከሻሲው ጋር አሰረው፣ ጭንቅላቱንም ራሱ ጨመቀው። ቃሪያ እጇን አጣምራ አየችው እንጂ አልነካችበትም። አምፖሎቹን ሲያያይዝ ግቢው በሁለት ፀሐይ የበራ መሰለ። ቴስተሩን አነበበና፣ «ዐሥራ ሁለት ነጥብ ሦስት» አለ። ከዚያም ቴስተሩን አዙሮ አሳያት። እሷ ሳትጠይቀው።

ፒክአፑ ካራቫኗን አስከትሎ ከምሳ በፊት ከበር ወጣ።

እናቷ የደወለችው ከቀትር በኋላ ነው፤ ከቁልቁለቱ በታች ካለው ነዳጅ ማደያ።

«ቃሪያ፣ ስሚ። መታጠፊያው ላይ አንድ የጭነት መኪና በጎኔ ሲያልፍ ነፋሱ ካራቫኗን ገፋት። አንድ ጊዜ ወዲህ፣ አንድ ጊዜ ወዲያ አለች። እኔ ምንም ሳላደርግ፣ ልክ ከኋላ አንድ ሰው ቀሚሴን ያዝ ያደረገኝ ይመስል...» ነርሷ ከጎን «እኔ ጸሎት ጀምሬ ነበር!» ስትል ተሰማ። «ከዚያ ቀጥ አለች። ቀጥ! ምንም እንዳልተፈጠረ።»

«አሁን ደህና ናችሁ?»

«ሻይ እየጠጣን ነው። ለዚያም ለጓደኛሽ ንገሪልኝ። እጃችሁ ይባረክ።»

ቃሪያ ስልኩን ዘግታ የተባለውን ሁሉ ለቱርቦ ነገረችው። ቱርቦ አልጨፈረም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለና የተላጠውን መዳፉን ሲያይ ቆየ።

የአጎቷ መኪና በበሩ ሲገባ ሁለቱም ገና እዚያው ነበሩ። አጎቷ ቅባት የጠገበ ቱታውን እንደለበሰ ወረደ። ሌሊቱን አውቶቡሱ ጋ አድሮ ደክሞታል፤ ግን ፊቱ ፈክቷል። አውቶቡሱ ተነሥቶለታል ማለት ነው።

«እሺ ቃሪያ! እናትሽ አርፍዳ ወጣች ሲሉ ሰማሁ። እንዴት ሆነ ሥራው?»

መልሱ ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ጥሩ አድርጋ፣ ማንንም ሳታስከፋ መናገር ትችልበታለች፤ ከጥፋቱ ግማሹን ለራሷ ወስዳ፣ የቀረውን አለስልሳ። ቱርቦ ከባልዲው ላይ ተነሥቷል። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል፤ ግን አልሸሸም። ሁለት እጁን ቱታው ላይ ይጠርጋል።

«የእኔን እኔ በኋላ እነግርሃለሁ» አለች ለአጎቷ። «መጀመሪያ እሱን ስማው።»

ወደ ግቢው ጥግ፣ ወደ እጅ መታጠቢያው ሄደች። ከኋላዋ ቱርቦ «ጋሼ...» ሲል ሰማች። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል ጆሮዋን ብታቀና ይሰማት ነበር።

ቧንቧውን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ውኃው ባዶው ገንዳ ላይ እየጮኸ ወረደና ሌላውን ድምፅ ሁሉ ዋጠው። ቃሪያ ሳሙናውን አንሥታ፣ ሳትቸኩል፣ እጇን መታጠብ ጀመረች።