አየር የማይዘው የጭነት መኪና

ሁሉም ባታታ፣ አባታችን፣ የሚለው ሽማግሌ አሰልጣኝ ካፔምብዋ በሹፌሮች ማሰልጠኛው አሮጌ የጭነት መኪና የኋላ ጎማ ሥር ሞቶ የተገኘ ጠዋት፣ ከቺንጎላ ከተማ ሰው መካከል የሚያለቅስለት አልነበረም። ሊያይ የመጣ ግን ሞልቷል። ሰው ለማየት መቼ ይሰንፋል!

ኢንስፔክተር ቻንሳ ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባች። አምሳ ያለፋት፣ ባሏን የቀበረች፣ የልጆቿን ድምፅ በስልክ ብቻ የምትሰማ ሴት ናት። ከቤቷ የምትወጣው ከማንም ጋር ቃል ሳትለዋወጥ ነው፤ ለዚህም ይሆናል ሰው ሲያወራ የማታቋርጠው።

ግቢው ስለማይበቃው መኪናው የሚያድረው ከበሩ ውጭ፣ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። አሁን ወደ ኋላ ተንሸራቶ ጅራቱ ቀዩ የአፈር መንገድ ላይ ወጥቷል። ከፊቱም ከኋላውም የማንጎ ቅርንጫፍ ተቆርጦ ተነጥፏል፤ መኪና መንገድ ላይ ሲቆም ሹፌሮች ሌላው መጥቶ እንዳይገጨው የሚያደርጉት ነው። ጎህ ከቀደደ በኋላ የጣለው ዝናብ አፈሩን ሁሉ እንደ ፈንጣጣ ፊት አበሳስቶታል። ቻንሳ አንዱን ቅርንጫፍ አነሳች። ከሥሩ ያለውን አፈር በጣቷ ዳሰሰችው፤ ልሙጥ ነበር። ቅርንጫፉን በቦታው መለሰችና ቀና አለች።

«ማን አገኘው?»

«እኔ ነኝ ባማዮ፣ እናታችን» አለ ሙኩፓ፣ ሁለተኛው አሰልጣኝ። ወደ ኮንጎ በሚወስደው መንገድ አሥራ አራት ዓመት የነዳ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው። «ዝናቡ ካባራ በኋላ ከቤቴ ወጣሁ። አንድ ሰዓት ላይ ስደርስ እንዲህ ሆኖ አየሁት። ሌላ ሰው ደግሞ እንዳይሞት ብዬ ቅርንጫፍ ቆርጬ አነጠፍኩ፤ ከዚያ ደወልኩላችሁ።»

«ምን የገደለው ይመስልሃል?»

«ይሄ ምን ይጠየቃል? ትናንት ማታ መጨረሻ ላይ የነዳችው ቺሌሼ ናት። የእጅ ፍሬኑን ሳትስብ ሄዳለች። ሽማግሌው ደግሞ ጎህ ሲቀድ ከጎማ ሥር የሚርመሰመስ ሰው ነው። ተንሸራተተበት። ለሴት ልጅ መሪ ሲሰጡ እንዲህ ነው።»

«ለሴት ልጅ ካቴናም ይሰጧታል። አትራቅ።»

ቺሌሼ አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ለብቻዋ ተቀምጣለች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። ከእሷ ጋር የተማሩት ሁሉ ከወዲያ ማዶ ቆመው እያዩዋት ነው፤ አንዱም አጠገቧ አልመጣም። መከራም እንደ እከክ የሚጋባ ይመስላቸዋል።

«ለትምህርቱ ማን ከፈለልሽ?» አለች ቻንሳ፣ ጎኗ ቁጢጥ ብላ።

«እናቴ። የካሳቫ ማሳዋን ሸጣ።»

«ሌላ ማሳ አላት?»

«የላትም።» ልጅቷ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «መንጃ ፈቃዱን ካገኘሁ ስድስት ወሬ ነው። የሄድኩበት ሁሉ የሁለት ዓመት ልምድ አምጪ ይለኛል። ማንም ካልቀጠረኝ ልምዱን ከየት ላምጣው፣ ከገበያ? እዚሁ ለጀማሪዎች እየነዳሁ ቆየሁ። ባታታ ግን በዓመት አንድ ሰው ይመርጣሉ፤ በእሳቸው ቃል ባለቤቱ አቶ ሲሞንጋ ያለ ልምድ ይቀጥራል። ዘንድሮ እኔን መረጡኝ። ሰኞ ነበር የምጀምረው። አሁን ግን ሰው ገዳይ ከተባልኩ፣ እስር ቤቱ ይቅርና መንጃ ፈቃዴን ይነጥቁኛል።»

«ፍሬኑን ስበሻል?»

«ስቤያለሁ። ባልስበውም እኮ...»

«ባትስቢውም ምን?»

«ይሄ መኪና የፍሬን አየር አይዝም ባማዮ። ሞተሩ ጠፍቶ አንድ ሰዓት ከቆመ አየሩን ይጨርሳል። አየሩ ሲያልቅ ፍሬኑ በራሱ ጎማውን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጠዋት ሞተር አስነስተን ሩብ ሰዓት ካልጠበቅን ንቅንቅ አይልም።»

«ታዲያ ይሄን ለምን አልተናገርሽም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

«ከሙኩፓ ጋር እንዴት ናችሁ?»

«ቦታውን አስገኝልሻለሁ፣ የእጅ መንሻ አምጪ ብሎኝ ነበር። የለኝም አልኩት። ሌሎቹ ሰጥተውታል። ትናንት ለባታታ ነገርኳቸው። ዝም አሉ። እሳቸው የሚያስፈሩት ደግሞ ዝም ሲሉ ነው።»

ሲሞንጋ፣ የማሰልጠኛውና የአምስት የጭነት መኪናዎች ባለቤት፣ ጥላ ሥር ላቡን ይጠርጋል።

«ከሟቹ ጋር ተጣልተው ነበር አሉ» አለችው ቻንሳ።

«የማን ምላስ ነው እሱ? ስለ አየሩ ይጨቀጭቀኝ ነበር፣ አስጠግን እያለ። እሺ ሳልለው ሲቀር፣ ነገ ጎህ ሲቀድ አንድ ሰው ሞተር እያስነሳልኝ የሚያፈስበትን ራሴ ፈልጌ አገኘዋለሁ አለኝ።»

«አንድ ሰው ማለት ማን?»

«አልነገረኝም።»

«እርስዎ መንዳት ይችላሉ?»

«አምስት መኪና አለኝ፣ አንዱንም አላንቀሳቅስም። ዶሮ ያለው ሁሉ እንቁላል ይጥላል እንዴ?»

ቻንሳ ሳትስቅ ሟቹ ይኖርበት ወደነበረው፣ ግቢው ጥግ ወዳለው የብረት ኮንቴይነር ገባች። አንድ ሳህን፣ አንድ ኩባያ፣ አንድ ወንበር። እንግዳ የሚቀመጥበት የለም። የራሷን ቤት ያየች መሰላትና ቶሎ ወጣች።

ከዚያ ሦስቱንም መኪናው ፊት አቆመቻቸው።

«ሙኩፓ፣ መኪናው በራሱ ተንሸራተተ ብለሃል። ሌሊቱን ሙሉ የቆመ መኪና አየሩን ጨርሶ፣ ጎማውን ጠርቅሞ እንደሚያድር ይቺ ልጅ ታውቃለች። አሥራ አራት ዓመት የነዳኸው አንተ አታውቅም?»

«ደንግጬ ነው...»

«ደንግጠህ ረስተኸዋል እንበል። ስለዚህ አንድ ሰው ጋቢና ገብቶ ሞተር አስነሳ፣ አየር እስኪሞላ ጠበቀ። ሽማግሌው አየሩ የሚያፈስበትን ሊፈልግ ከጎማው ኋላ ገባ። ያ ሰው ፍሬኑን ለቀቀበት። አቶ ሲሞንጋ መኪና አያንቀሳቅሱም። ቀሪው ሁለት ሰው ነው።»

ቺሌሼ ትንፋሿን ዋጠች።

«ቺሌሼ፣ መኪና መንገድ ላይ ቢቆምብሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

«ቀይዋን ሦስት ማዕዘን ምልክት አቆማለሁ። ባታታ ቅርንጫፍ ያነጠፈ ፈተና ይወድቃል ይሉን ነበር።»

«ቅርንጫፍ የሚያነጥፈው በመንገድ ያረጀ ሹፌር ነው። አንጥፌያለሁ ብለህም ነግረኸኛል ሙኩፓ። መቼ?»

«አንድ ሰዓት ላይ። ዝናቡ ካባራ በኋላ።»

ቻንሳ ቅርንጫፉን አነሳችው። «ኑ፣ እዩ። ዙሪያውን አፈሩ በጠብታ ተበሳስቷል። ከቅጠሉ ሥር ያለው ግን ልሙጥ ነው፣ አንድ ጠብታ አልነካውም። ዝናቡ ሲጥል ይሄ ቅርንጫፍ እዚሁ ተጋድሞ ነበር። አንተም ከዝናቡ በፊት እዚሁ ነበርክ።»

ሙኩፓ ወደ ቅርንጫፉ እንጂ ወደ ሬሳው አላየም።

«የመኪናው ጅራት መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር» አለ። «ሰው መጥቶ ቢገጨውስ... እጄ ነው፣ ሳላስበው። ሽማግሌው ከጎማው ሥር ሆኖ ‹የተቀበልከውን የእጅ መንሻ ዛሬውኑ ለሰልጣኞቹ ትመልሳለህ፣ አለዚያ ለሲሞንጋ እነግራለሁ› አለኝ። በልቼዋለሁ፣ ምኑን ልመልስ? ሦስት ልጅ አለኝ። ፍሬኑን... አንዴ ብቻ ነው የነካሁት።»

«ለማያውቅህ መንገደኛ አዝነህ ቅርንጫፍ ቆረጥክ» አለች ቻንሳ። «ካንድ ድስት አብሮህ ለበላ ሰው ግን አላዘንክም።» ካቴናውን ራሷ አሰረችለት።

ሲሞንጋ ወደ ቺሌሼ ዞረ። «እንግዲህ ልጄ፣ ያንቺን ነገር... የመሰከረልሽ ሰው ሞቷል። እኔ ደግሞ ልምድ የሌለው...»

«ሰው ሲሞት የተናገረው እውነት አብሮት ይቀበራል?» አለች ቻንሳ። «ሽማግሌው እኮ የሞተው የእርስዎን ንፍገት ሊጠግን ገብቶ ነው።»

ባታታ ካፔምብዋ የሩቂቱ የሳምፊያ ሰው ነበር። ሬሳውን የሚወስድ ዘመድ ሁለት ቀን ተጠብቆ ጠፋ። በሦስተኛው ቀን ሲሞንጋ ካሉት መኪናዎች ደህናውን አወጣ፤ ከኀዘን ይሁን ከሐፍረት እሱ ያውቃል። ሬሳውን አገሩ እንድታደርስ ቁልፉን ለቺሌሼ ሰጣት። እንደ ወጉ ከሬሳ ጋር ወገን ይቀመጣል፣ ሴቶች እየዘመሩ ይሸኙታል። ከዚህ ሳጥን ጋር ግን የተቀመጠ አልነበረም፤ ለሽኝት የቆመችውም ኢንስፔክተሯ ብቻ ነበረች።

«ረጅም መንገድ ነው» አለች ቻንሳ፣ የጋቢናውን በር ይዛ። «ማን ያጫውትሻል?»

«እሳቸው አሉ አይደል?» አለች ቺሌሼ። «ሲያስተምሩኝም ብዙ አያወሩም ነበር።»