የራግና ቀጫጭን ስኪዎች

የጸሎተ ሐሙስ ማለዳ ራግና የበረዶ መንሸራተቻ ስኪዎቿን ከጎተራው ግድግዳ አንስታ በረዶው ላይ ጣል አደረገቻቸው። አጎቷ ኦስሙንድ ጎንበስ ብሎ አያቸው። ቀጫጭን፣ ረዣዥም፣ ድርቅ ያሉ የሩጫ ስኪዎች ናቸው፤ የብረት ጠርዝ የላቸውም።

«እነዚህን አድርገሽ ነው አምባውን የምታቋርጪው?»

«ምን አላቸው?»

«ለሩጫማ ግሩም ናቸው። ሲደክምሽ ግን መሃላቸውን ረግጠሽ በረዶው ላይ ማሳረፍ ያቅትሻል። ከሥራቸው የተቀባው ሰም በረዶውን ካልያዘ ደግሞ ዳገት ላይ ወደ ኋላ ነው የምትሄጂው።»

«አጎቴ ደግሞ! እኔ እኮ የድሮዋ ሕፃን አይደለሁም።»

እውነቷን ነው። አራት ዓመቷ ሳለ አጭርና ሰፊ የእንጨት ስኪ የቀረጸላት እሱ ነበር። መቆም ስትለምድ ረዘም ያለ፣ ቁልቁለት ስትደፍር ጠርዙ ብረት የሆነ፣ በየችሎታዋ ልክ ሲመርጥላት ኖረ። በሠላሳ ዓመቷ የአውራጃውን ውድድር አሸነፈችና ለመጀመሪያ ጊዜ ራሷ መረጠች። ኦስሙንድም ይህን ካለችው ወዲያ ቅር እንዳይላት ብሎ ዝም አለ። ምነው ዝም ባላለ ኖሮ እላለሁ እስከ ዛሬ።

እኔ ያኔ ገና የሃያ አራት ዓመት ወጣት፣ ከአምባው ማዶ ሐይቁ ዳር ያለው የመንገደኞች ጎጆ ጠባቂ ነበርኩ። ኦስሙንድ በየፋሲካው በስኪ አቋርጦ ይመጣና በጎጆው መዝገብ ላይ ስሙን ይጽፋል። ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ ጽፏል። ሰባ አንድ ዓመት ሞልቶታል፤ አርባኛዋን ጽፎ ስኪውን ለመጨረሻ ጊዜ ሊሰቅል ቆርጦ ነበር።

እስከ እኩለ ቀን ራግና ከፊቱ በረረች። ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ብርቱካን ሲልጡ ሁለት የበርገን ከተማ ጎረምሶች ደረሱባቸው።

«እንዲህ ያለ ስኪ አድርገሽ ሽማግሌ ትጠብቂያለሽ?» አላት አንዱ። «እስቲ እስከዚያ ቋጥኝ ሞክሪን!»

«ተያቸው» አለ ኦስሙንድ።

የት ልትተዋቸው! ሁለት ኪሎ ሜትር ተፈተለከችና ቀደመቻቸው። ጎረምሶቹ እየሳቁ ወደ ደቡብ ታጠፉ። ኦስሙንድ ሲደርስባት ሸሚዟ በላብ ርሷል፤ ስኪዋን ሳታወልቅ በረዶው ላይ ተቀምጣለች።

ብዙም ሳይርቁ የዱር አጋዘን መንጋ ከፊታቸው ወጣ። በዚያ ሰሞን አጋዘን ከስቶ አጥንቱ ነው የቀረው፤ አስደንግጦ ያስሮጠው ሰው ገደለው ማለት ነው፤ እኛ አገር ይህ ነውር ነው። በረዶው ላይ በሆዳቸው ተኝተው አንድ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ላቧ ላይዋ ላይ ቀዘቀዘ። ሲነሱ ምዕራቡ ጠቁሯል።

ዐውሎው የመጨረሻው ዳገት ላይ ያዛቸው። ፊታቸውን እየገረፈ፣ እያንገዳገደ፣ ዓይናቸውን ደፈነው። ራግና አንድ እርምጃ ስትወጣ ሁለት ትንሸራተታለች። ረገጠች፣ ደገመች፣ በግንባሯ ተደፋች።

«አልያዝ አለኝ!»

ኦስሙንድ ተንበርክኮ ስኪዎቿን በገመድ ጠመጠመላት። ገመዱ በረዶውን እየቧጠጠ አፋፉ ላይ አደረሳት። ከታች ጎጆው ድረስ ግን እንደ መስተዋት የረጋ የበረዶ ቁልቁለት ነው።

«ገመዱን ፍቺና ስኪዎችሽን አምጪያቸው» አላት። «የእኔን አድርጊ፤ ማሰሪያው አንድ ነው።»

«አይሆንም! አንተስ በእነዚህ እንዴት ትወርዳለህ?»

«ከመወለድሽ በፊት ጀምሮ ወርጄዋለሁ። እግርሽን እዪው፣ ቆሞ ይርዳል። ጭቅጭቁን ጎጆ ገብተን እንጨርሰዋለን።»

ሰጠችው። የእሱ ሰፋፊ ስኪዎች ላይ ስትቆም የብረት ጠርዛቸው በረዶውን ነከሰ፤ እግሯ አረፈ። እዚያው አፈረች። ኦስሙንድ ቀድሟት ወረደ፤ አንዴ ታጠፈ፣ ሁለቴ ታጠፈ፣ በሦስተኛው ቀጫጭኖቹ ከዱት። ተንከባለለና ከቋጥኝ ጋር ተላተመ። ጭኑ ሲሰበር በነፋሱ መሃል ተሰማት።

ቀጫጭኖቹን በገመድ አገናኝታ፣ ቦርሳዋን ደልድላ፣ እላያቸው ላይ አሰረችው። ሦስት ኪሎ ሜትር ጎተተችው። እኔ በዐውሎ ጊዜ እንደ ደንቡ የጎጆውን ደወል እደውል ነበርና ድምፁን ተከትላ መጣች። በሩን ስከፍት ቅንድቧ በረዶ ለብሷል፤ «አጎቴን! አጎቴን!» ብቻ ነው የምትለው።

እግሩን አሰርንለት። ያጽናናዋል ብዬ መዝገቡንና እስክሪብቶውን አመጣሁለት።

«አልጽፍም» አለ።

«ደርሰሃል እኮ ጋሼ።»

«ተጎትቼ ነው የደረስኩት። እዚህ የሚጻፈው በስኪ የመጣ ነው።»

ራግና እግሩ ሥር ተንበረከከች። «አርባኛህን የበላሁብህ እኔ ነኝ።»

«አዎ» አለ። ክፋት የለበትም፣ ውሸት ስለማይችልበት ነው። እጇን ያዘና «እኔም አጥብቄ መናገር ሲገባኝ ዝም አልኩሽ» አላት።

ያ እግሩ ዳግመኛ ስኪ ላይ አልቆመም። በአራተኛው ዓመት አረፈ።

ራግና ውድድሩን ተወችው። በየፋሲካው የእሱን ሰፋፊ ስኪዎች አድርጋ ትመጣለች፤ ስሟን ትጽፋለች። እሷም አረጀች፣ እኔም አረጀሁ። ባለፈው ፋሲካ ሠላሳ ዘጠነኛዋን ጻፈችና ስኪዎቹን አድርቃ፣ ጠርዛቸውን ወልውላ፣ የጎጆዬ ግድግዳ ላይ ሰቀለቻቸው።

«ምነው ሰቀልሻቸው? አርባኛዋ ቀርታሽ የለም እንዴ?» አልኳት።

«እሷ የእኔ አይደለችም» አለችና መዝገቡን ዘጋችው።