የጋሽ ተኽለብርሃን ዜሮ

ጋሽ ተኽለብርሃን ሮም፣ ቶር ፒኛታራ ሰፈር ባለው ክፍላቸው፣ አልጋቸው ላይ ሞተው ሲገኙ፣ ትይዩ የሆኑት ሁለቱ መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተው ነበር። ከማዶ ያለው የብረት ማቅለጫ ጭስ ቤቱን ሞልቶታል። ሐኪሙ «አስም ነው» ብሎ ሊሄድ ሲል መርማሪዋ ማርቲ አስቆመችው። እናቷ የአዲስ አበባ ሰው ናት፤ መስኮቶቹን ስታይ ደሟ ፈላ። ጭስ ሲገድል ማንም አይታሰርም፤ ይህን ያሰበ ሰው አለ ማለት ነው።

ያን ቀን ሟቹ ዘንድ የገቡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ ጎረቤታቸው፣ የማቅለጫው ባለቤትና አንድ አጥኚ። መጀመሪያ ጎረቤታቸውን አበራን ጠየቀችው።

«ቁርስ አድርሼላቸው ወጣሁ። መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ፤ የአስም ስፕሬያቸውም ትራሳቸው ሥር ነበር። አሎራ፣ እንግዲህ ነገ በኮሙኔው፣ በማዘጋጃ ቤቱ ስብሰባ ቀርበው ሊናገሩ ነበር፤ ማቅለጫው ማጣሪያ እንዲገባለት። የእኔም ልጅ በዚሁ ጭስ ስታስል ነው የምታድረው።»

«ምን ሊናገሩ?»

«ያ ማጣሪያው ያዋጣ እንደሆነ የሚያጠናው ሎሬንዞ፣ ‹ለንጹሕ አየር በወር ስንት ይከፍላሉ?› አላቸው። ‹ያጨሰው ይክፈል እንጂ እኔ ምን በወጣኝ› አሉት። እሱ ዜሮ ብሎ ጻፈ፤ ጤናቸው ለእሳቸው ዋጋ የለውም ማለት ነው። ሁላችንንም እንዲሁ አድርጎ ማጣሪያው አያዋጣም አለ። ጭሱ አንሶ ክፈሉ! የበላችው ያቅራታል፣ በላይ በላዩ ያጎርሷታል።»

ማርቲ ወንበር ላይ ቆማ ስፕሬውን ሽማግሌው ከማይደርሱበት ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ አገኘችው። ከዚያ ሦስቱንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«እኔ ላግባባቸው ነበር የመጣሁት» አለች የማቅለጫው ባለቤት ግራዚዬላ። «ተቆጡኝ፣ ወጣሁ። መስኮቶቹ ዝግ ነበሩ። ስወርድ ሎሬንዞ ወደ እሳቸው ሲወጣ ደረጃው ላይ አለፈኝ።»

«ትንፋሽ ሲያጥራቸው ራሳቸው ከፈቱ» አለ ሎሬንዞ።

«ዋሽተዋል» አለችው ማርቲ። «እናቴ አውቶቡስ ውስጥ አንድ መስኮት ከተከፈተ ነፋስ መታኝ ትላለች። የእኛ ሰው፣ ያውም በሽተኛ፣ በሁለት ክፍት መስኮት መሀል አይተኛም። ስለዚህ እሳቸው አልከፈቱም፤ አበራም አይከፍትባቸውም። ግራዚዬላ ለነገው ስብሰባ ጭሷ ሰው ገደለ እንዲባልባት አትፈልግም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። ሟቹ ነገ የዜሮውን ውሸትዎን ሊያጋልጡ ነበር፤ ስፕሬውን ወስደው ጭሱን ለቀቁባቸው።»

ሎሬንዞ ላቡን ጠረገ። «አንድ ታማሚ ሽማግሌ ናቸው። ቢናገሩም የጥናቱ ውጤት አይለወጥም ነበር።»

«ካልተለወጠ ለምን ገደሏቸው?»

ለሎሬንዞ ካቴና ሲገባለት ግራዚዬላ ቀስ ብላ፣ «የነገው ስብሰባ ይተላለፋል አይደል?» አለች።

«አይተላለፍም» አለ አበራ። «እኔ እናገራለሁ።»